ለባሕር ጠላቂዎች የሚሆን አነስተኛ የሞተር ጀልባ አመራረጥ

የንግድ ሰው ለሥራው ዕቃ በሚገዛበት ጊዜ አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባው «ዋጋው ስንት ነው?» የሚለውን ሳይሆን «ይህ ዕቃ የታሰበለትን ሥራ በእርግጥ ይሠራልን?» የሚለውን ነው። ወፍጮ ቢበላሽ ዱቄቱ ይዘገያል፤ በባሕር መካከል የቆመ ጀልባ ግን በሰው ሕይወት ያስጠይቃል። ስለዚህ ጀልባ ገዝቶ ለጠላቂዎች ለማከራየት የሚያስብ ነጋዴ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ከዚህ ቀጥሎ የተዘረዘረውን ቢመለከት ይጠቀማል።

ዣክ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን በ1943 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጠላቂው በጀርባው ተሸክሞት የሚተነፍስበትን የአየር መሣሪያ ከሠሩ ወዲህ፥ የባሕርን ወለል ማየት የወታደርና የዕንቈ ለቃሚ ሥራ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የዕረፍት ጊዜ ጨዋታ ሆኗል። የኢትዮጵያ የውጭ ንግድ አብዛኛው በሚያልፍባት በጅቡቲም ይኸው ሥራ ይታወቃል። ጠላቂዎች ከከተማው ወደብ 15 ኪሎሜትር ያህል ርቀው ወደሚገኙት ወደ ሙሻና ወደ ማስካሊ ደሴቶች ይሄዳሉ፤ ከኅዳር ጀምሮ እስከ ጥር ባለው ጊዜም በታጁራ ሰላጤ የሚሰበሰበውን ዓሣ ነባሪ የሚያህል ትልቅ ሻርክ ለማየት ብዙ እንግዳ ይመጣል። እንግዲህ ለምሳሌ ያህል ይህን ስፍራ እንውሰድ።

አንደኛ፤ ስለ ጭነት።

ገዢዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት በዚህ ነው። ሻጩ «ይህ ጀልባ 8 ሰው ይይዛል» ይላል፤ እውነቱንም ነው። ነገር ግን 8 ጠላቂና 8 ተራ መንገደኛ አንድ አይደሉም። እስቲ ሒሳቡን እንሥራ። 6 እንግዶች፥ 1 መሪ ጠላቂና 1 ነጂ፥ እያንዳንዳቸው በአማካይ 80 ኪሎ ቢመዝኑ 640 ኪሎ ይሆናል። ሰባቱ ጠላቂዎች በቀን ሁለት ጊዜ የሚጠልቁ ከሆነ 14 የአየር ሲሊንደር ያስፈልጋል፤ አንዱ ተሞልቶ 17 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን ይህ 238 ኪሎ ነው። የእርሳሱ ክብደት፥ የጎማው ልብስ፥ የእግር መቅዘፊያውና ሌላው ለአንድ ሰው 15 ኪሎ ቢታሰብ 105 ኪሎ ይደርሳል። 60 ሊትር ቤንዚን 45 ኪሎ፤ መልሕቁ፥ የመጠጥ ውሃውና የሕክምናው ዕቃ 60 ኪሎ። ጠቅላላው ድምር 1,088 ኪሎ ነው።

በጀልባው ላይ የተለጠፈው የፋብሪካ ሰሌዳ «8 ሰው፥ 800 ኪሎ» የሚል ቢሆን፥ ይህ ነጋዴ ሳያውቀው 288 ኪሎ አሳልፎ ጫነ ማለት ነው። ስለዚህ ከሰው ቍጥር ይልቅ የኪሎውን ቍጥር ማንበብ ይገባል። መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነውና፥ ሒሳቡ የሚሠራው ከግዢው በፊት እንጂ ባሕር ላይ ከወጡ በኋላ አይደለም።

በዚያው ሰሌዳ ላይ ጀልባው የሚችለው የባሕር ደረጃም በፊደል ይገለጻል። በአውሮፓ ደንብ መሠረት «ዲ» የተባለው ለተጠለለ ውሃና ከ30 ሳንቲሜትር ለማይበልጥ ሞገድ፥ «ሲ» የተባለው ደግሞ ለባሕር ዳርቻና እስከ 2 ሜትር ለሚደርስ ሞገድ የተሠራ ነው። ወደ ደሴቶቹ ለሚመላለስ ሰው «ዲ» አይበቃም።

ሁለተኛ፤ ስለ ጀልባው ሆድ ቅርጽ።

ሆዱ ጠፍጣፋ የሆነ ጀልባ ቆሞ ሳለ አይወዛወዝም፥ ዋጋውም ርካሽ ነው፤ ሞገድ ሲነሣ ግን ውሃውን እየደበደበ ተሳፋሪውን ያንገላታል። ሆዱ እንደ ማረሻ የሾለው ሞገዱን እየሰነጠቀ በለስላሳ ይሄዳል፤ ጕድለቱ በቆመ ጊዜ ወደ ጎን መዋለሉና ብርቱ ሞተር መፈለጉ ነው። ሦስተኛው ዐይነት የሾለ ጠንካራ ሆድ ኖሮት ዙሪያውን በአየር የተሞላ የጎማ ቱቦ የከበበው ነው። ቱቦው ጀልባው እንዳይገለበጥ ስለሚረዳና ጠርዙም ዝቅ ያለ በመሆኑ ጠላቂዎች ይህን ይወዱታል። ሆኖም በብርቱ ፀሐይ ጎማው ቶሎ ስለሚያረጅ፥ በሞቃት አገር የሚገዛው ሰው መሸፈኛውንና የጥገናውን ወጪ አብሮ ማሰብ አለበት።

ሦስተኛ፤ ስለ ሞተርና ስለ ቤንዚን።

አሮጌው ዐይነት ባለ ሁለት ምት ሞተር ቀላልና በየወደቡ የሚጠግነው ሰው የማይጠፋ ነው፤ ግን ቤንዚንና ዘይት ይበላል። ባለ አራት ምት የሆነው ይቆጥባል፥ ድምፁም ዝቅ ያለ ነው፤ ሲበላሽ ግን የሠለጠነ ሠራተኛ ይጠይቃል። ብልህ ገዢ መለዋወጫውና መካኒኩ በዚያው ወደብ የሚገኝለትን ዐይነት ይመርጣል። ከተቻለም ሁለት ሞተር ማድረግ፥ ካልተቻለ ጀልባውን እያዘገመ ሊመልስ የሚችል ትንሽ ተጠባባቂ ሞተር መያዝ ያስፈልጋል።

የቤንዚኑ ሕግ አጭር ነው፤ ሲሶው ለመሄጃ፥ ሲሶው ለመመለሻ፥ ሲሶው ለክፉ ቀን። በሰዓት 30 ሊትር የሚጠጣና 30 ኪሎሜትር የሚሄድ ጀልባ 15 ኪሎሜትር ለመድረስ 15 ሊትር ይፈጃል። ስለዚህ ቢያንስ 45 ሊትር ይዞ መነሣት አለበት፤ ከደሴት ወደ ደሴት መዘዋወር ካለም ይጨመርበታል። በተለይ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ከምዕራብ የሚነፍሰው ካምሲን የተባለው ሞቃት ነፋስ በድንገት ስለሚበረታ፥ ያ የመጨረሻው ሲሶ እንደ ትርፍ መቈጠር የለበትም።

አራተኛ፤ ስለ መውጫና ስለ መግቢያ።

ከጀልባ ወደ ባሕር መውረድ ቀላል ነው፤ ደክሞ፥ ርሶና ተሸክሞ መመለስ ግን ከባድ ነው። ስለሆነም ከውሃው በታች እስከ አንድ ሜትር የሚወርድ ጠንካራ መሰላል ያስፈልጋል። መሰላሉ ከሞተሩ የራቀ ይሁን፤ ሰው በአጠገቡ ሳለም ሞተሩ ይጥፋ። ሲሊንደሮቹ በጀልባው መካከል ዝቅ ብለው በማሰሪያ ሊያዙ ይገባል፤ ተንከባሎ የወደቀ ሲሊንደር እግር ይሰብራልና። ጠላቂዎች ወደ ኋላ ተንከባለው በሚወርዱበት ጊዜም ከሁለቱም ጠርዝ በአንድ ቍጥር ይውረዱ፤ ሁሉም በአንድ ወገን ቢቀመጡ ጀልባው ያጋድላል።

አምስተኛ፤ ስለ ጥንቃቄ ዕቃዎች።

ነጂው ከጀልባው ፈጽሞ መለየት የለበትም። ምክንያቱን ሒሳብ ይነግረናል። በሰዓት 2 ኪሎሜትር የሚሄድ የውሃ ጅረት ጠላቂውን በ45 ደቂቃ ውስጥ 1 ኪሎሜትር ተኩል ይወስደዋል። በዚህ ርቀት፥ በሞገድ መካከል፥ የሰው ራስ ለዐይን አይታይም። ስለዚህ እያንዳንዱ ጠላቂ ነፍቶ የሚያቆመው ብርቱካናማ ቱቦና ፉጨት ይያዝ፤ ነጂውም ከፍ ብሎ የሚያይበት መቆሚያ ይኑረው። በባብ ኤል መንደብ አጠገብ እንዳሉት እንደ ሰባቱ ወንድማማች ደሴቶች ጅረቱ ወደሚበረታበት ስፍራ በትንሽ ጀልባ መሄድ አይገባም።

ከዚህም በላይ ለሁሉም የሚበቃ የመንሳፈፊያ ሰደርያ፥ የባሕር ሬዲዮ፥ መልሕቅ ከሰንሰለቱና ከጥልቀቱ ቢያንስ ሦስት እጥፍ ከሚረዝም ገመድ ጋር፥ «ከታች ጠላቂ አለ» የሚያሰኘው ነጭና ሰማያዊ ባንዲራ፥ እንዲሁም የኦክሲጅን ዕቃ ያስፈልጋል። ጠላቂ ፈጥኖ ሲወጣ በደሙ ውስጥ የናይትሮጅን አረፋ ሊፈጠር ይችላል፤ ሐኪም ዘንድ እስኪደርስ ድረስ የመጀመሪያው ርዳታ ንጹሕ ኦክሲጅን ነው። ይህን ዕቃ «በሚመጣው ዓመት እገዛለሁ» የሚል ነጋዴ ሥራውንም በሚመጣው ዓመት ቢጀምር ይሻለዋል።

ስድስተኛ፤ ያገለገለ ጀልባ ስለ መግዛት።

ያገለገለ መግዛት ነውር አይደለም፤ ሳይመረምሩ መግዛት ግን ጥፋት ነው። አዲስ ቀለም አያታልል። ሞተሩ የታሰረበት የኋላው ግድግዳ ውስጡ በስብሶ እንደ ሆነ በመዶሻ እጀታ ቀስ ብሎ መምታት ነው፤ ጤነኛው ጥርት ያለ፥ የበሰበሰው የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። ሞተሩ ከጨው ውሃ በኋላ በንጹሕ ውሃ ይታጠብ እንደ ነበር መጠየቅ፥ የሠራበትን ሰዓት ማየትም ይገባል። ከሁሉም በላይ፥ ዋጋ ከመቈረጡ በፊት ጀልባውን ሙሉ ጭነት ጭኖ፥ ነፋስ ባለበት ከሰዓት በኋላ፥ በባሕር ላይ መሞከር ነው። ሻጩ ይህን እንቢ ካለ ገዢው መልሱን አግኝቷል ማለት ነው።

በመጨረሻ ገንዘቡ ለሁሉም የማይበቃ ከሆነ የጀልባውን ርዝመት ወይም የእንግዶቹን ቍጥር መቀነስ ይሻላል እንጂ ከሞተሩ ጤንነትና ከጥንቃቄው ዕቃ መቀነስ አይገባም። በ8 ምትክ 5 ሰው ጭኖ በየቀኑ በደኅና የሚመለስ ጀልባ፥ ትርፉ በዝግታ ቢመጣም የባለቤቱን ስም ይጠብቃል፤ አንድ ጊዜ ሰው ጥሎ የተመለሰ ጀልባ ግን ዳግመኛ ተከራይ አያገኝም።