ጎረቤት ለጎረቤት ጤና

ከአሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ መቀሌ በሚወስደው መንገድ አጠገብ ባለው ሰፈራችን የቦይ ውኃ አጥር አያውቅም፤ የላይኛው ቤት የደፋው እድፍ የታችኛውን ቤት ሕፃን ተቅማጥ ያስይዘዋል። መድኃኒቱ ምንድር ነው? ለወባ የተደረገውን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1997 በትግራይ ገጠር የተመረጡ እናቶች የወባን ምልክትና የክሎሮኪንን አሰጣጥ ተምረው ጎረቤቶቻቸውን አስተማሩ። ትምህርቱ በደረሰባቸው ቀበሌዎች ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ሞት፣ ካልደረሰባቸው ይልቅ፣ በ40 በመቶ አነሰ። እርግጥ ክሎሮኪን ለብርቱው የወባ ዓይነት ዛሬ አያገለግልም፤ መንገዱ ግን አላረጀም፤ የልጅን ትኩሳት ከሐኪም በፊት የምታየው እናት ናትና።

ከተማ ከገጠር ይለያል የሚሉኝ አሉ፤ ነገር ግን እኛም ቡና የምንጠጣው ተጠራርተን ነው። በየቡናው አንዲት የተማረች እናት ስለ ውኃ ማፍላትና ስለ እጅ መታጠብ ብትናገር፣ እኛ ተማሪዎችም ቅዳሜ ቅዳሜ ቦዩን ብንጠርግ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ብቻዋን ቤት ለቤት መዞር ይቀርላታል።