የጡት እብጠት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም

በመተማ ቆላ ሰሊጥ ከደረሰ ቀን አይሰጥም። ቶሎ ካልታጨደ ይፈነዳና ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። እንግዲህ በዚህ ወቅት አንዲት እናት ገላዋን ስትታጠብ ጡቷ ውስጥ እብጠት ብታገኝ ምን ትላለች? «አያመኝም፤ አጨዳው ይለቅና እሄዳለሁ» ትላለች። አጨዳው ሲያልቅ ማራገፉ ይመጣል። ከዚያ ገበያው አለ። እብጠቱ ግን አይጠብቃትም።

የጡት እብጠት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ደህና እብጠት ነው። ባለበት ይቆያል፤ ወደ ሌላ አካል አይሄድም። በወጣት ሴቶች ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ይኸኛው ነው። ሁለተኛው ካንሰር ነው። ነቀርሳ የምንለውም አለን፤ ከሳንባ ነቀርሳ ጋር ግን አንድ አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።

እርሻችንን እናስብ። ማሳ ላይ ያለ ድንጋይ ገፋ ሲያደርጉት ይንከባለላል። ጉቶ ግን ሥሩን በዙሪያው ስለ ሰደደ አይነቃነቅም። ደህናው እብጠት እንደ ድንጋዩ ነው፤ ካንሰር እንደ ጉቶው። ይሁን እንጂ በእጅ ዳስሶ ብቻ መፍረድ አይቻልም። ገና የጀመረ ካንሰርም ከጣት ሥር ሊንሸራተት ይችላል። አለማመሙም ዋስትና አይሆንም። እንዲያውም ካንሰር ሲጀምር ብዙ ጊዜ አያምም!

ታዲያ ሐኪም በምን ይለየዋል? በትልልቅ ከተሞች ኤም አር አይ የሚባል መሣሪያ አለ። በ1969 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር የሰው ደረት በዚህ ዘዴ ተነሣ። መሣሪያው እጅግ ኃይለኛ ማግኔት ነው። ሰውነታችን አብዛኛው ውሃ ነው፤ ማግኔቱና የራዲዮ ሞገድ ይህን ውሃ ይቀሰቅሱታል። የሚመለሰውን ምልክት ኮምፒዩተር ሥዕል ያደርገዋል። እንደ ራጅ ያለ ጨረር የለበትም። ሴትዮዋ ብረት ነገር ሁሉ አውልቃ በደረቷ ትተኛለች። ጩኸቱ እንደ መዶሻ ነው፤ ግን አያምም። በደም ሥሯም ልዩ መድኃኒት ይሰጣታል። ካንሰር ብዙ የደም ሥር ወደ ራሱ ስለሚስብ፣ የጠማው መሬት ውሃ እንደሚጠጣ መድኃኒቱን ቶሎ ይጠጣል፤ ብዙ ጊዜም ቶሎ ይለቀዋል። ደህናው አብዛኛውን ጊዜ ቀስ ይላል። የእብጠቱ ጠርዝም ይታያል፤ ልሙጥ ነው ወይስ እንደ ሥር የተበተነ?

መሣሪያው ግን ደህናውን ካንሰር የሚያስመስልበት ጊዜ አለ። ዋጋውም ውድ ነው። ስለዚህ እኛ ለመተማ ሴት መጀመሪያ ኤም አር አይ ፈልጊ አንልም። ቁርጡን የሚናገረው የመርፌ ናሙና ነው። ሐኪሙ ከእብጠቱ ጥቂት በመርፌ ይቀዳል፤ ናሙናው በማይክሮስኮፕ ይታያል። ይህ ምርመራ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይሠራል። «መርፌ ከነካው ይብሳል» የሚባለው ወሬ ነው። እብጠትን በእሳት መተኮስ ወይም በምላጭ መብጣት ግን በእርግጥ ይጎዳል። ጠበልም ዱዓም ምርመራን አይከለክሉም።

በአገራችን በሴቶች ላይ ከሚደርሱት ካንሰሮች የጡት ካንሰር የመጀመሪያው ነው። ብዙዎቹ ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት እብጠቱ ካደገ ወይም ከቆሰለ በኋላ ነው። በትንሽነቱ ከተገኘ ግን ቀዶ ሕክምናና መድኃኒት ሊያድኑ ይችላሉ።

እብጠት ያገኘች ሴት በመጀመሪያ በአቅራቢያዋ ወዳለው ጤና ጣቢያ ትሂድ። ወደ ጎንደር ከተላከች የላኳትን ወረቀት ይዛ በሸኸዲና በአይከል በኩል ትጓዛለች። የመኪናውን ገንዘብ ባል ከሰሊጡ ሽያጭ በፊት ቢበደርም ያዘጋጅ። ለሐኪሙ መቼ እንዳገኘችው፣ አድጎ እንደ ሆነ፣ ከጡቷ ጫፍ ደም ወጥቶ እንደ ሆነ፣ በብብቷም እብጠት ካለ ትንገረው። በሴት ሐኪም መታየት ከፈለገችም ይህንኑ ትጠይቅ።