ጾመኛዋ ጓዳ ውስጥ ቀርታለች

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የደምበጫ ምእመናን! በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ውስጥ፣ በሥራ ቀን ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ነው። እኛ ነጠላችንን አጣፍተን እንሄዳለን። ከገጠር መጥታ በቤታችን የምታግዘን ልጅስ? እርሷም ጾመኛ ናት፤ እኛ ስናስቀድስ ግን እሷ ወጥ ታማስላለች። ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 የወቀሰው እኮ እየጾሙ ሠራተኞቻቸውን የሚያስጨንቁትን ነው።

እናቶቼ፣ እኅቶቼ፣ መላ አለው፤ የሱፍ ፍትፍት አብራችሁ ሥሩ። ጠዋት አንዳችሁ ሱፉን ለቅማ ታምስ፣ ሌላዋ ትውቀጥ። ሽንኩርቱንና ቃሪያውንም ክተፉና ክደኑት። ሱፉን ግን አሁን አትበጥብጡት፤ በበጋው ሙቀት ይኮመጥጣል። ከቅዳሴ መልስ በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጡት፣ ገለፈቱ እንዲቀር አጥልሉት፣ ጨው፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ጨምሩበት፣ እንጀራውን ፈትፍቱበት። እሳት ማንደድ የለ፣ ድስት መጠበቅ የለ።

እንዲህ ከሆነ ሁለታችሁም ታስቀድሳላችሁ፤ ከአንድ ገበታም ትቆርሳላችሁ። የተራበ ጾመኛ ጓዳ ዘግቶ መሄድ ምን ጾም ነው? እንግዲህ ነገ ከመውጣታችሁ በፊት «ነጠላሽን ልበሺ ልጄ፣ አብረን እንሂድ» በሏት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።