የዓሣ መፈለጊያ በካያክ ሆድ ውስጥ እንዴት እንደ ተከልን

አጎቴ በጣና ሐይቅ ላይ ዓሣ ማጥመድ የሚወዱ ሰው ናቸው። አምና ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ የውጭ አገር ሰው ላይ ካያክ የሚባለውን ቀጭን የፕላስቲክ ታንኳ ከነዓሣ መፈለጊያ መሣሪያው ገዙ። መሣሪያው ሁለት ክፍል አለው፤ አንደኛው እንደ ትንሽ ቴሌቪዥን ያለ መስተዋት ሲሆን ሁለተኛው ትራንስዱሰር የሚባል፥ በሽቦ የተያያዘ፥ ከመዳፍ የማይበልጥ ጥቁር ነገር ነው። ድምፅ የሚልከውና መልሶም የሚሰማው ይኸው ነው። አጎቴ ሽቦውን ለማሳለፍ ታንኳውን ከሥሩ ሊበሱት ሲነሡ፥ «አይብሱት፤ ከውስጥ ሆኖም ይሠራል» አልኋቸው። በፊዚክስ ክፍል የተማርሁትን ተማምኜ ነበር። እርሳቸውም መብሻውን አስቀምጠው፥ «እንግዲያው አንተ ትከለው» አሉኝ።

ገደል ማሚቶን የማያውቅ የለም። መሣሪያውም የሚሠራው በዚሁ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1826 ኮላዶንና ስቱርም የተባሉ ሰዎች በጄኔቭ ሐይቅ ውስጥ ደወል ደውለው የድምፅን ፍጥነት በለኩ ጊዜ በሰከንድ 1435 ሜትር ሆኖ አገኙት። ውሃው ሞቅ ሲል ፍጥነቱ ይጨምራልና ለጣና 1500 ብንል ብዙ አንሳሳትም። እንግዲህ ድምፁ ሄዶ ለመመለስ ከሰከንድ አንድ መቶኛ ቢወስድበት የተጓዘው 15 ሜትር ነው፤ ጥልቀቱም የዚህ እኩሌታ፥ 7 ሜትር ተኩል ይሆናል። የእኛ መሣሪያ በሰከንድ 200,000 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ ይልካል። የሰው ጆሮ ከ20,000 በላይ ስለማይሰማ ታንኳው ላይ የተቀመጠው ሰው ምንም አያውቅም።

የታንኳው ፕላስቲክ በክብደቱም ሆነ ድምፅን በማሳለፉ ለውሃ የቀረበ ስለ ሆነ ድምፁ ብዙ ሳይደክም ያልፈዋል። አየር ግን ሌላ ነው። ድምፅ ከውሃ ወደ አየር ሊሻገር ሲል ከ1000 እጅ 999ኙ ያህል ወደ ኋላ ይመለሳል። እኔም የወደቅሁት በዚህ ነው። ሲሊኮን የሚባለውን ማጣበቂያ በጥቂቱ ቀብቼ ትራንስዱሰሩን ለጠፍሁት። በማግሥቱ ሐይቁ ላይ ስንወጣ መስተዋቱ ባዶ ሆነ። አጎቴ አንድም ቃል አልተናገሩኝም፤ ቢቈጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ማታ ስነቅለው ከሥሩ እንደ ምስር ፍሬ የሚያህሉ የአየር አረፋዎች ታዩኝ። ከማጣበቅ በፊት መፈተን እንደሚገባ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ታንኳውን ውሃ ላይ አድርገን ከውስጡ ጣት የሚያህል ውሃ አፈሰስሁና ትራንስዱሰሩን በዚያ ውሃ ውስጥ ከቦታ ቦታ አዛወርሁት። ከመቀመጫው በስተ ኋላ፥ ወለሉ ጠፍጣፋ በሆነበት ስፍራ የሐይቁ ወለል ጥርት ብሎ ታየ። ቦታውን በእርሳስ አመለከትሁ። ከዚያም ውሃውን አድርቄ፥ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጌ፥ በአልኮል ጠርጌ፥ ሲሊኮኑን ሳልሰስት አፈሰስሁ። ትራንስዱሰሩን በቀስታ እያሽከረከርሁ ስጫነው አየሩ ከጎን ወጣ። ሳይነካም ሁለት ቀን ቆየ።

በሦስተኛው ቀን መስተዋቱ 4 ሜትር ከ20 አሳየ። አጎቴ አላመኑትምና ድንጋይ በገመድ አስረው ጣሉ፤ ገመዱ 4 ሜትር ከ30 ሆነ። ልዩነቱ ትራንስዱሰሩ ከውሃው ፊት ዝቅ ብሎ ስለ ተቀመጠና ገመዱም ጥቂት ስለ ዘመመ ይመስለኛል።

በደንገል ታንኳ የሚያጠምዱ አንድ ጎረቤታችን ለእርሳቸውም እንድተክልላቸው ጠየቁኝ። ደንገል በውስጡ አየር የሞላ ስለ ሆነ ድምፅ አያሳልፍም፤ በእንጨት አስሮ ከጎን ወደ ውሃው ማውረድ ነው የሚያስፈልገው ብዬ አስረዳኋቸው። «አየር ባይኖረው መቼ ይንሳፈፍልኝ ነበር» ብለው ሳቁ። ግድግዳቸው በመካከሉ አረፋ ያለበት የፕላስቲክ ታንኳዎችም እንዲሁ ናቸው።

ከውስጥ የሚተክል ሰው አንድ ነገር ያጣል። መሣሪያችን የውሃውንም ሙቀት ይናገራል፤ ነገር ግን አሁን የሚለካው የታንኳውን ወለል ነው። ከቀትር በኋላ ታንኳው ፀሐይ ላይ ከዋለ ጣና የፈላ ይመስላል።