የደም መጠንና የመኖ ሒሳብ፦ የዲቃላ ላሞች ምርታማነት በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች

አኅጽሮተ ጽሑፍ

በኢትዮጵያ የወተት ምርትን ለማሳደግ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ሲሠራበት የቆየው ዋነኛ መንገድ አገር በቀል ላሞችን ከውጭ ዝርያ ኮርማዎች ጋር ማዳቀል ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የዲቃላ ላም ብልጫ በዘሯ ብቻ የማይወሰን መሆኑን፣ በአንድ የመኖ ደረጃ የላቀችው ላም በሌላ የመኖ ደረጃ ወደ ኋላ ልትቀር እንደምትችል ማሳየት ነው። ለዚህም ቀላል የኃይል ስሌት፣ የሩመን አሠራርና የድቅልነት ብርታት ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚያሳየው ለውጥ ተዳሰዋል። በመጨረሻም የድኅረ ምረቃ ጥናቶች ሊመዘግቧቸው የሚገቡ መለኪያዎች ተመልክተዋል።

1. መግቢያ

ኢትዮጵያ ከ65 ሚሊዮን በላይ የቀንድ ከብት ያላት አገር ናት። ከዚህ ውስጥ ከ95 በመቶ በላይ የሚሆነው አገር በቀል ዝርያ ነው። በስሜን ምዕራብ በጋይት፣ በጣና ዙሪያ ፎገራ፣ በምዕራብ ሆሮ፣ በደቡብ ቦረና፣ በደቡብ ምዕራብ ደግሞ የቆላ ዝንብ የሚያስተላልፈውን የገንዲ በሽታ በመቋቋም የሚታወቀው ሸኮ ይገኛሉ። እነዚህ ዝርያዎች ሙቀትን፣ መዥገርንና የመኖ እጥረትን ችለው መኖርን ያዳበሩት በረጅም ዘመን ነው። የአንዲት አገር በቀል ላም አማካይ የወተት ምርት ግን በቀን ከ1.5 ሊትር ብዙም አያልፍም፤ የአለባ ጊዜዋም አጭር ነው።

ይህን ዝቅተኛ ምርት ለማሻሻል በተለያዩ ጊዜያት ሰፊ ጥረት ተደርጓል። እ.ኤ.አ. በ1967 የተጀመረው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ዲቃላ ጊደሮችን ለአርሲ ገበሬዎች አሠራጭቷል። በእርሻ ምርምር ማዕከላትም የቦረና፣ የሆሮና የበጋይት ላሞች ከፍሪዢያን፣ ከጀርሲና ከሲመንታል ጋር ተዳቅለው ውጤታቸው ተጠንቷል። ሰው ሠራሽ የማዳቀል አገልግሎት ከተስፋፋ ወዲህ ደግሞ ዲቃላ ላም በከተሞች ዙሪያ የተለመደች ሆናለች። ሆኖም በማዕከላቱ የታየው ውጤት በአርሶ አደሩ ጓሮ በተመሳሳይ መጠን ሲደገም አይታይም። ልዩነቱ ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ ለተመራማሪው የዕውቀት ጥያቄ ነው፤ በሬውን ሸጦ ዲቃላ ጊደር ለገዛ አርሶ አደር ግን የኑሮ ጥያቄ ነው።

2. የመኖው ሒሳብ

ማንኛዋም ላም ከምትመገበው መኖ የምታገኘውን ኃይል በቅድሚያ የምታውለው ለራሷ ሕልውና ነው። ለመተንፈስ፣ ለደም ዝውውር፣ የሰውነት ሙቀትን ለመጠበቅና ክብደቷን ሳትቀንስ ለመቆየት የሚያስፈልጋት ኃይል የማቆያ ፍላጎት ይባላል። ወተት የሚገኘው ከዚህ ከሚተርፈው ነው። የማቆያ ፍላጎት ከሰውነት ክብደት ጋር አብሮ ያድጋል። በተለምዶ በሚሠራበት ስሌት 250 ኪሎ ግራም የምትመዝን አገር በቀል ላም በቀን ወደ 31 ሜጋ ጁል፣ 400 ኪሎ ግራም የምትመዝን ዲቃላ ላም ደግሞ ወደ 45 ሜጋ ጁል ያስፈልጋታል። አንድ ሊትር ወተት ለማምረት በግምት 5 ሜጋ ጁል ይፈጃል።

አንድ አርሶ አደር ካለው ክምር ለአንዲት ላም በቀን 6 ኪሎ ግራም ደረቅ መኖ፣ ማለትም ገለባና ድርቆሽ ቀላቅሎ ማቅረብ ይችላል እንበል። የዚህ መኖ የኃይል ይዘት በኪሎ 7.5 ሜጋ ጁል ቢሆን ጠቅላላው 45 ሜጋ ጁል ይሆናል። አገር በቀሏ ላም ከዚህ 31ዱን ለራሷ አውላ 14 ይተርፋታል፤ ይህም በስሌት ከ2 ሊትር በላይ ወተት ነው። ዲቃላዋ ላም ግን የተሰጣትን ሁሉ ለማቆያ ታውለዋለች፤ ለወተት የሚተርፍ የለም። ብትታለብ እንኳ የምትታለበው ከገዛ ሥጋዋ ነው። ለግጦሽና ለውኃ የሚደረገው ጉዞ በስሌቱ ስላልገባ፣ የሁለቱም እውነተኛ ውጤት ከዚህ ያነሰ ይሆናል።

አሁን ደግሞ የመኖው ደረጃ ከፍ ይበል። ለዲቃላዋ ላም 8 ኪሎ ግራም ገለባና ድርቆሽ፣ በተጨማሪም በኪሎ 11 ሜጋ ጁል የሚይዝ 3 ኪሎ ግራም የፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ቅልቅል ቢቀርብ፣ ጠቅላላው ኃይል 93 ሜጋ ጁል ይደርሳል። ከማቆያ በኋላ 48 ሜጋ ጁል ይተርፋል፤ ይህም ከ9 ሊትር በላይ ወተት ማለት ነው። አገር በቀሏ ላም ይህን ያህል መኖ የመብላት አቅም የላትም፤ ብትበላም ትርፉን በአብዛኛው ወደ ስብ እንጂ ወደ ወተት አትቀይረውም።

ስለዚህ በመጀመሪያው የመኖ ደረጃ አገር በቀሏ፣ በሁለተኛው ደግሞ ዲቃላዋ ትበልጣለች። የሁለቱ ዝርያዎች ደረጃ የሚገለበጠው መኖው ሲለወጥ ነው። በዘረ መል ሳይንስ የዘርና የአካባቢ መስተጋብር የሚባለው ይህ ነው። ያልተመገበች ዲቃላ ላም የያዘችው የዘር አቅም «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንደሚባለው ዓይነት ሀብት ነው።

3. ገለባ ለምን አይበቃም?

ከላይ ያለው ስሌት የሚናገረው ስለ ኃይል ብቻ ነው። በደጋው አካባቢ ግን ቀድሞ የሚያጥረው ብዙ ጊዜ ፕሮቲን ነው። ላም ገለባን የምትፈጨው በራሷ አይደለም፤ ሩመን በሚባለው ትልቁ የጨጓራ ክፍሏ የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው የሚፈጩላት። እነዚህ ተሕዋስያን ለመራባት ናይትሮጅን ይሻሉ። የመኖው ጠቅላላ ፕሮቲን ከ7 በመቶ ገደማ በታች ሲሆን ቁጥራቸው ይቀንሳል፣ ገለባው በሩመን ውስጥ ለረጅም ጊዜ ይቆያል፣ ላሟም ሆዷ ሞልቶ ትራባለች። የጤፍና የስንዴ ገለባ የፕሮቲን ይዘት በአብዛኛው ከዚህ ወለል በታች ነው። ስለዚህ ገለባ በብዛት ማቅረብ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም።

የዚህ ጉድለት መፍትሔዎች የታወቁ ናቸው። አንደኛው ገለባን በዩሪያ ማከም ነው፦ ለ100 ኪሎ ገለባ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ዩሪያ በውኃ በጥብጦ መርጨት፣ አየር እንዳይገባው አፍኖ ሦስት ሳምንት ያህል ማቆየት፣ ከዚያም ሽታው እስኪቀንስ አናፍሶ መመገብ። ሁለተኛው የኑግ ወይም የተልባ ፋጉሎ መጨመር ነው። ሦስተኛው በጓሮና በእርከን ላይ እንደ ትሪ ሉሰርን፣ ሰስባንያና አልፋልፋ ያሉ ፕሮቲን የበዛባቸውን የመኖ ዕፅዋት ማልማት ነው።

የእነዚህ ዘዴዎች ችግር ሳይንሳቸው ሳይሆን በቤተሰቡ ሀብትና ጉልበት ላይ የሚያስከትሉት ሽሚያ ነው። ዩሪያው ለማሳው የተገዛ ማዳበሪያ ነው። መበጥበጫው ውኃ በብዙ ቤት የሚቀዳው በሴቶችና በልጆች ጀርባ ነው። የጤፍ ገለባም ከላሟ ሌላ ፈላጊ አለው፤ ለግድግዳ ምርጊት ከጭቃ ጋር ይቦካል፣ በገበያም ይሸጣል። እንዲህ ያለውን ሽሚያ ያላገናዘበ የመኖ ጥናት በማዕከል ግቢ ቢሳካም በመንደር አይዘልቅም።

4. የደም መጠን እስከ ምን ድረስ?

ማዳቀል የሚያስገኘው ጥቅም ከሁለት ምንጮች ይመጣል። የመጀመሪያው ከውጭ ዝርያ በቀጥታ የሚወረሰው የወተት አቅም ነው። ሁለተኛው የድቅልነት ብርታት ነው፤ ይህም በዘር የተራራቁ ወላጆች ልጅ ከሁለቱ አማካይ በልጦ የሚታይበት ክስተት ነው። በመጀመሪያው ትውልድ፣ ማለትም 50 በመቶ የውጭ ደም ባላት ላም፣ የድቅልነት ብርታት ሙሉ ነው። ይህች ላም እንደገና ከውጭ ኮርማ ጋር ስትዳቀል 75 በመቶ የውጭ ደም ያላት ጥጃ ትወልዳለች፤ የድቅልነት ብርታቱ ግን በግማሽ ይቀንሳል። ሁለት የመጀመሪያ ትውልድ ዲቃላዎች እርስ በርስ ሲዳቀሉም ብርታቱ እንዲሁ በግማሽ ይቀንሳል።

ከኒንግሃምና ሲርስታድ እ.ኤ.አ. በ1987 በተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት በታተመው ሥራቸው በሞቃት አገሮች የተካሄዱ በርካታ የማዳቀል ሙከራዎችን በአንድነት መርምረዋል። የደረሱበት ድምዳሜ የወተት ምርት እስከ 50 በመቶ የውጭ ደም ድረስ በግልጽ እንደሚጨምር፣ ከዚያ በኋላ ግን ጭማሪው አነስተኛ እንደሆነ ያመለክታል። የደም መጠኑ ሲጨምር የሰውነት ክብደትና የማቆያ ፍላጎት ይጨምራል፣ ሙቀትንና መዥገር ወለድ በሽታዎችን የመቋቋም አቅም ደግሞ ይቀንሳል። ስለዚህ ከ50 በመቶ በላይ መሄድ ትርፍ የሚኖረው መኖው፣ ሕክምናውና አያያዙ አብረው ከፍ ሲሉ ብቻ ነው።

በተግባር ግን በብዙ አካባቢ የሚሆነው ሌላ ነው። የላሟ የደም መጠን በጽሑፍ አይያዝም፤ አዳቃዩ በዕለቱ በእጁ የሚገኘውን የኮርማ ዘር ይጠቀማል፤ ልጅቱም የልጅ ልጇም በተከታታይ ከፍሪዢያን ኮርማ ይዳቀላሉ። እንዲህ በሁለትና በሦስት ትውልድ ውስጥ አርሶ አደሩ ሳይወስን የደም መጠኑ ከመኖው አቅም በላይ ያልፋል።

የብራዚል ልምድ ሌላ አማራጭ ያሳያል። ብራዚላውያን ከሕንድ የሄደውን የጊር ዝርያ ከሆልስታይን ጋር በማዳቀል ጂሮላንዶ የተባለውን ዝርያ አዳብረዋል። ዝርያው አምስት ስምንተኛ ሆልስታይን፣ ሦስት ስምንተኛ ጊር ሆኖ እንዲጸና ተደርጓል። በዚህ ድርሻ እርስ በርስ ሲራባ ከመጀመሪያው የድቅልነት ብርታት 47 በመቶ ያህሉ በንድፈ ሐሳብ ይጠበቃል፤ ዘወትርም ንጹሕ የውጭ ኮርማ መፈለግ አያስፈልግም። እንዲህ ያለ ውጤት የሚገኘው ግን በረጅም ጊዜ ምዝገባና ምርጫ ነው፤ መዝገብ በሌለበት የጸና ዝርያ መፍጠር አይቻልም። ዛሬ የዘረ መል ምርመራ የትውልድ ሐረግ ያልተመዘገበላትን ላም የደም መጠን ለመገመት ማስቻሉ ይህን ክፍተት በከፊል ይሞላል። የዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም በኢትዮጵያና በታንዛኒያ አርሶ አደሮች ዘንድ የዲቃላ ላሞችን ምርት ከዘረ መል መረጃ ጋር ማሰባሰቡም በዚህ ረገድ ጠቃሚ ጅምር ነው።

5. የምርታማነት መለኪያ

የብዙ ጥናቶች መለኪያ በቀን የሚታለብ ሊትር ነው። ይህ ለማወዳደር ቀላል ቢሆንም አርሶ አደሩ የሚያጣውን አያሳይም። በመኖ እጥረት ሥጋዋን ያጣች ላም የድራት ምልክት አታሳይም፤ በጊዜው አትዳቀልም። አንዲት ላም በ36 ወሯ የመጀመሪያ ጥጃዋን ብትወልድና እስከ 10 ዓመቷ በምርት ላይ ብትቆይ፣ በየ14 ወሩ ብትወልድ በጠቅላላው ሰባት ጊዜ ትወልዳለች። በየ21 ወሩ ከሆነ ግን አምስት ጊዜ ብቻ ነው። የጠፉት ሁለት ጥጆችና ሁለት የአለባ ጊዜያት በዕለቱ ሊትር መዝገብ ላይ አይታዩም።

ከዚህ በመነሣት በዲቃላ ላሞች ላይ የሚካሄዱ የድኅረ ምረቃ ጥናቶች ቢያንስ አራት ነገሮችን ቢመዘግቡ ውጤታቸው ለንጽጽር ይበቃል። አንደኛ፣ የቀረበው መኖና የተረፈው መጠን ከነጥራቱ፤ ላሟ የበላችው ሳይታወቅ ስለ ዘሯ የሚሰጥ ፍርድ ሙሉ አይሆንምና። ሁለተኛ፣ የሰውነት ክብደትና የሥጋ ይዞታ በአለባ ጊዜው መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ። ሦስተኛ፣ በሁለት ወሊድ መካከል ያለው ጊዜና የጥጆች ሞት። አራተኛ፣ የደም መጠኑ በምን እንደታወቀ፣ ማለትም በመዝገብ፣ በዘረ መል ምርመራ ወይም በመልክ ግምት መሆኑ። በመልክ ብቻ የተመደቡ ላሞችን 50 እና 75 በመቶ ብሎ ማወዳደር ወደ ስሕተት ይመራል።

6. ማጠቃለያ

የዘር ማሻሻልና የመኖ ልማት ተፎካካሪ መርሐ ግብሮች አይደሉም፤ ቅደም ተከተል ግን አላቸው። አንድ ቤተሰብ ሊያቀርብ የሚችለው መኖ አስቀድሞ ሲለካ ለዚያ መኖ የሚስማማው የደም መጠን ይታወቃል። በዓመቱ ውስጥ ፋጉሎና አረንጓዴ መኖ ሊያገኝ ለሚችል በከተማ ዙሪያ የሚኖር አምራች ከፍ ያለ የደም መጠን ሊያዋጣው ይችላል። ከገለባ ክምሩ ሌላ መኖ ለሌለው የገጠር አርሶ አደር ግን በሚገባ የተመረጠች አገር በቀል ላም፣ ወይም ቢበዛ የመጀመሪያ ትውልድ ዲቃላ፣ የተሻለ አስተማማኝ ትሆናለች። ይህም የአገር በቀል ዝርያዎችን በንጹሕነት ጠብቆ ማሻሻልን ግድ ይላል፤ የመጀመሪያ ትውልድ ዲቃላ የምትገኘው ንጹሕ አገር በቀል እናት ስትኖር ብቻ ነውና። ለአርሶ አደሩ «ስንት በመቶ ደም ይሻልሃል?» የሚለው ጥያቄ ከመቅረቡ በፊት «በሰኔ ወር፣ ክምሩ ሲያልቅ ላምህ ምን ትበላለች?» የሚለው ሊመለስ ይገባል።