የማንወደው ሰው አፍ ሲዘጋ

እውነቱን ልናገር። በጃንዋሪ 2021 (እ.ኤ.አ.) ፓርለር የተባለው የአሜሪካ የመወያያ መድረክ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከኢንተርኔት ሲጠፋ «እሰይ!» ብዬ ነበር። ሙስሊሙን ጨምሮ በብዙ ወገኖች ላይ የጥላቻ ቃል የሚዘንብበት ቦታ ነበርና። ዛሬ ግን ያን ደስታዬን መለስ ብዬ ስመረምረው የችኮላ ሆኖ አገኘዋለሁ። ለምን?

በመጀመሪያ የሆነውን እንይ። ጃንዋሪ 6 ቀን የትራምፕ ደጋፊዎች የአሜሪካን ምክር ቤት ሕንፃ ወረሩ። ጃንዋሪ 8 ቀን ጉግል ፓርለርን ከመተግበሪያ መደብሩ አወጣው። በማግስቱ አፕል ተከተለ። ቀጥሎም መድረኩ ያረፈባቸውን ኮምፒውተሮች ያከራይ የነበረው አማዞን ሁከት የሚቀሰቅሱ 98 ጽሑፎችን በማስረጃነት ጠቅሶ አገልግሎቱን አቋረጠ። ፓርለር ክስ መሠረተ፤ ዳኛዋ ግን አማዞንን አስገድደው መድረኩን ለማስመለስ ፈቃደኛ አልሆኑም።

እዚህ ላይ ልብ በሉ! መድረኩን የዘጋው መንግሥት አይደለም። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት የመጀመሪያው ማሻሻያ የንግግርን ነፃነት እንዳይነካ የሚያግደው መንግሥትን እንጂ ነጋዴን አይደለም። ነጋዴው «ሱቁ የእኔ ነው» ቢል ሕግ ከጎኑ ነው። ደም ለማፍሰስ የሚጠራን ሰው ማስተናገድም የለበትም። ይሁንና የሰፈር ባለሱቅ ቢከለክለን ወደ ሌላው እንሄዳለን። የዓለም ስልኮች ከሞላ ጎደል በሁለቱ ኩባንያዎች ሥርዓት የሚሠሩ ናቸው። ታዲያ ሁለቱም በራቸውን ሲዘጉ ሦስተኛው በር የት አለ?

ደግሞስ ይህ በትር የሚያርፈው በምንጠላው ሰው ጀርባ ላይ ብቻ ነውን? አይደለም። አማዞን በዲሴምበር 2010 የመንግሥትን ምስጢር ያወጣውን ዊኪሊክስንም ከቤቱ አስወጥቷል። ወደ እኛም እንምጣ። የፌስቡክና የኢንስታግራም ባለቤት የሆነው ሜታ «ሸሂድ» የሚለው ቃል እርሱ «አደገኛ» ብሎ ለሰየመው ሰው ተሰጥቶ ሲያገኝ፣ ጸሐፊው ያወድስ ወይም ዜና ይዘግብ ሳይለይ ጽሑፉን ያነሳ ነበር። ለእኛ ግን በወረርሽኝ የሞተውም፣ ውኃ የወሰደውም ሸሂድ ይባላል። ኩባንያው ራሱ ያቋቋመው ተቆጣጣሪ ቦርድ በማርች 2024 እንደገለጸው፣ ከማንኛውም ሌላ ቃል ይበልጥ ጽሑፍ ያስነሳው ይኸው ቃል ነው። ቦርዱ የጅምላ እገዳው እንዲቀር መከረ፤ ሜታም በዚያው ዓመት ለማላላት ተስማማ።

«እንግዲያው ምንም አይነሳ» የሚል ይኖራል። እኔ እንዲህ አልልም። በአገራችን ጦርነት ጊዜ የጥላቻ ጽሑፎችን ባለማንሳቱ ለሰው ሕይወት መጥፋት ምክንያት ሆኗል ተብሎ ሜታ በዲሴምበር 2022 ናይሮቢ ላይ ተከሷል። ስለዚህ ማንሳቱም መተውም የሰው ሕይወትና ክብር ያለበት ፍርድ ነው። ፍርድ ከሆነ ደግሞ የፍርድ ወግ ይኑረው፦ ደንቡ አስቀድሞ ይታወቅ፣ ለተከለከለው ሰው ምክንያቱ ይነገረው፣ አቤቱታውንም ከሳሽ ያልሆነ ሦስተኛ ወገን ይስማው። ይህ ሕልም አይደለም። ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ የዋለው የአውሮፓ ኅብረት የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግ ኩባንያዎችን ምክንያት እንዲሰጡና ቅሬታ እንዲቀበሉ ያስገድዳል።

ውድ አንባብያን! ለወዳጅ ፍትሕ መሻት ማንም የሚችለው ነው። ፈተናው ያለው የማንወደው ሰው ሲከሰስ ነው። በ2021 እኔ ይህን ፈተና ወድቄያለሁ፤ «ምን አደረገ?» እንጂ «ማን ፈረደበት? በምን ደንብ?» ብዬ አልጠየቅሁም። እናንተ ግን ነገ የሌላው በር ሲዘጋ ከማጨብጨባችሁ በፊት ይህን ጥያቄ ጠይቁ። በሩ አንድ፣ ቁልፉም በአንድ እጅ ነውና።

ወላሁ አዕለም።