ለልጆች ስለ ሰውነታቸው መንገር እንደሚገባ

በኮልፌ ቀራንዮ የምትኖር አንዲት እናት የልጅዋ የወር አበባ በመጣ ጊዜ ጨርቅ ሰጥታት፣ «እንግዲህ ከወንድ ራቂ» ብቻ ብላ ዝም አለች። ልጂቱም ነገሩ ስላልተገለጠላት፣ ከወንድ ልጅ አጠገብ መቀመጥ የሚያስፀንስ መስሏት ከትምህርት ቤት ቀረች። እናቲቱን አልነቅፍም፤ እርስዋም ያደገችው እንዲሁ ነውና።

ነገሩስ እንዲህ ነው። በሴት ልጅ ሰውነት ውስጥ በየወሩ አንዲት ዕንቍላል ትበስላለች፤ ከወንድ ዘር ጋር ያልተገናኘች እንደ ሆነ፣ ማሕፀን ለፅንስ ያዘጋጀው ሽፋን ከደም ጋር ይወርዳል። ይህ እግዚአብሔር የሠራው ሥርዓት እንጂ በሽታ ወይም ነውር አይደለም፤ ለወንዶች ልጆችም ሕልመ ሌሊት እንዲሁ ነው። የሚያስፀንሰው አብሮ መቀመጥ ሳይሆን ሩካቤ ነው፤ አንድ ጊዜም ይበቃል። ዕንቍላሊቱም ከመጀመሪያው አበባ አስቀድማ ልትወጣ ስለምትችል፣ «ገና ልጅ ናት፤ አትፀንስም» ማለት ትልቅ ስሕተት ነው።

በልጅነትዋ የፀነሰች ዳሌዋ ገና ስላልሰፋ ምጥ ሊጠናባት ይችላል፤ የሕፃኑ ራስ ለቀናት ሲጫነው የፊኛዋ ሥጋ ሞቶ ይቀደዳል፤ ሽንትዋም ያለ ፈቃድዋ ይፈሳል። በ1951 ዓ.ም. የአዋላጆች ትምህርት ቤት ለማቆም ወደ አዲስ አበባ የመጡት ሐኪሞች ሬጂናልድና ካትሪን ሃምሊን፣ ኋላ የፊስቱላ ሆስፒታልን ያቆሙት ስለ እነዚህ ሴቶች ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግም የጋብቻን ዕድሜ ለወንድም ለሴትም 18 ዓመት አድርጓል፤ ልጂቱ ካልሰማችው ግን ምን ይረባታል?

ያች እናት ይህን ሁሉ በሰማች ጊዜ፣ «መምህር፣ እኔስ እስከ ዛሬ ማን ነገረኝ?» አለችኝ። በማግሥቱም ልጅዋን ራስዋ ወደ ትምህርት ቤት ወሰደቻት።